ዛሬ ስንት ጣት ነው?

እማዬን ምች የመታት መስሎን ነበር።

ለጡት ካንሰሯ ሁለተኛውን ኬሞ ከወሰደች አሥረኛ ቀኗ ነው። ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ቆይታ ገባችና "ራሴን ከበደኝ" አለች። ከዚያ ወዲያ ምንም አላለችም። ጎረቤታችን ይህን ስትሰማ ከጓሮዋ ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች። በእጇ አሽታ አሸተተቻት፣ የቀረውን ጨምቃ በቡና አጠጣቻት። ማታ ላይ ብርድ ብርድ አላት፣ ጋቢ ደረብንላት። "እማዬ፣ እንዴት ነሽ?" ስላት "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሂጂ ተኚ ልጄ" አለችኝ። ሄጄ ተኛሁ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የአልጋው መንኳኳት ቀሰቀሰኝ። ከመንቀጥቀጧ የተነሳ አልጋው ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። የጎረቤታችን ልጅ ባጃጅ አለው። በሩን ደብድቤ አስነሳሁትና ከሰፈራችን፣ ከጅማ አጂፕ ተነስተን በዚያ ጨለማ፣ እኔ እማዬን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ እሱ ጉድጓዱን እየሸሸ፣ ሆስፒታል ደረስን። ትኩሳቷ ሲለካ 39.4 ሆነ። የደም ምርመራው ሲመጣ ነጭ የደም ሴሏ በጣም ወርዷል። ወዲያው በደም ሥር አንቲባዮቲክ ጀመሩላት። አምስት ቀን ተኝታ ወጣች።

ኬሞ ያስወሰደ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ለማያውቅ ግን ልንገር። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ ነጭ የደም ሴልንም አብሮ ይመታል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ ሰውነት ኢንፌክሽን የሚከላከልበት አቅም በጣም ይዳከማል። በዚያ ጊዜ 38 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከመጣ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። እስኪነጋ አይጠበቅም።

ይሄ አልተነገረንም እንዳልል ተነግሮናል። ሲስተሯ መጀመሪያ ቀን አስቀምጣ "ትኩሳት ካላት ቶሎ ይዘሻት ነይ" ብላኛለች። ሰምቻለሁ፣ ራሴንም ነቅንቄያለሁ። ግን በዚያ ቀን እኛ ቤት ውስጥ ትኩሳት የሚል ቃል ያወጣ ሰው የለም። እኛ ቤት የነበረው ምች ነው። ምች ደግሞ መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው፣ ሆስፒታል አይወሰድም። ተነግሮን ያልገባን ነገር አልነበረም፣ የተነገረን ነገርና የደረሰብን ነገር ስማቸው የተለያየ ሆኖብን ነው።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስብ ቆይቻለሁ።

የእማዬ ቀጠሮ በየ21 ቀኑ ነበር። አንዱን ቀን ሆስፒታል ትውላለች፣ ሃያውን ቀን ቤት ነች። ማቅለሽለሹ፣ አፍ መቁሰሉ፣ ምግብ መራቁ፣ ሌሊት እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሁሉም ያለው በሃያው ቀን ውስጥ ነው። ሐኪሙ የሚያያት ግን በሃያ አንደኛው ቀን ነው፣ ያውም ሻል ሲላት፣ ያውም ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሳ። "እንዴት ከረሙ እማማ?" ይላታል። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" አለቀ። ካርዱ ላይ ደህና ተብሎ ይጻፋል።

ሐኪሙን አልወቅስም። በሩ ላይ የተሰለፈውን ሰው እኔም አይቻለሁ። እማዬንም አልወቅስም። እኛ አገር "እንዴት ነሽ" ጥያቄ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ለሰላምታ ደግሞ መልሱ አንድ ነው። ልጅ የቀበረ ሰው እንኳ "እንዴት አደርክ" ሲባል መጀመሪያ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል፣ ሐዘኑን የሚያወራው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ጅማ ውስጥ ደግሞ ይሄ በሁለት ሦስት ቋንቋ ነው። "አካም ጂርታ" ሲባል "ናጋ" ይባላል፣ "አልሃምዱሊላህ" ይባላል። ከእማዬ አጠገብ ወንበር ላይ የሚጠብቁት እናቶች፣ ከአጋሮ የመጣችው፣ ከሰቃ የመጣችው፣ ከዴዶ የመጣችው፣ በየቋንቋቸው ሁሉም ደህና ነበሩ። ከመካከላቸው አንዷ ደህና ነኝ ብላ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዛ ስታስመልስ አይቻለሁ።

ሌላም ምክንያት ነበራት። ቆይታ ነው የነገረችኝ። "አሞኛል ካልኩ መድኃኒቱን ያቆሙብኛል ብዬ ፈራሁ" አለችኝ።

ከዚያ ከአምስቱ ቀን በኋላ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። በየማታው ራት ከበላን በኋላ እጠይቃታለሁ፣ የምትለውን እጽፋለሁ። መጀመሪያ ከአንድ መጽሔት ላይ እንዳየሁት "ሕመምሽ ከአሥር ስንት ነው?" እል ነበር። ተናደደች። "ሕመም በቁጥር እንዴት ይነገራል?" አለች። እውነቷን ነው፣ እኔም ብጠየቅ አላውቀውም። በኋላ አንዲት ነርስ በእጅ አሳየችን። የተጨበጠ እጅ ምንም የለም ማለት ነው፣ አምስቱም ጣት ከተዘረጋ የመጨረሻው ክፉ ነው። የአፍሪካ ማስታገሻ ሕክምና ማኅበር ባዘጋጀው መጠይቅ ከ0 እስከ 5 ያለው መለኪያ በእጅ እንደሚታይ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እማዬ ግን ወዲያው ገባት። ከዚያ ማታ ጀምሮ ጥያቄያችን "ዛሬ ስንት ጣት ነው?" ሆነ።

ሁለተኛው የተማርኩት ነገር ቃሉ ነው። "ያምሻል?" ስላት "አያመኝም" ትላለች። "ይቆረጥምሻል?" ስላት "እሱማ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆረጥመኝ ነው የሚያድረው" ትላለች። ለእሷ ሕመም ማለት የተቆረጠው ጡቷ ቦታ ላይ ያለው ነው፣ ቁርጥማት ሌላ ነው፣ ጥዝጣዜ ሌላ ነው፣ ውጋት ሌላ ነው፣ መለብለብ ሌላ ነው። አማርኛ ለሕመም ስንት ቃል እንዳለው ያወቅሁት በዚያ ደብተር ነው። "ሆዴን ባር ባር ይለኛል" ስትለኝ ደግሞ ሆዷ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ፈርታለች ማለት ነው። እሱንም ጻፍኩት።

ከአራት ዙር በኋላ የመጀመሪያው ኬሞ፣ ቀለሙ ቀይ የሆነው መድኃኒት፣ አበቃና ሌላ ተጀመረላት። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩ ላይ "ሲኒ ከእጇ ወደቀ" የሚል ጽፌያለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ "ቁልፍ መቆለፍ አቃታት፣ ጣቷ ይደነዝዛል፣ 3 ጣት"። በቀጠሮው ቀን "ደህና ነኝ" ከማለቷ በፊት ደብተሩን ለሐኪሙ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ሁለት ደቂቃ ቢሆነው ነው። ከዚያ ጣቷን ይዞ አይኗን አስጨፍኖ በጥጥ እየነካካ ፈተሻት፣ ያ መድኃኒት ነርቭን እንደሚጎዳ አስረዳንና መጠኑን ቀነሰላት። ወደ ቤት ስንመለስ "ያን ሁሉ ወሬ አነበበው?" እያለች ነበር የምትጠይቀኝ። ሰው ስለ እሷ የተጻፈ ነገር ቆም ብሎ ሲያነብ ማየት ደስ ብሏት ነበር።

በየማታው ስጽፈው የነበረው ነገር በሌላው ዓለም በደንብ ተጠንቶ ኖሯል። ታካሚው ራሱ፣ በራሱ አፍ፣ ማንም ሳይተረጉምለት ያለበትን ስሜት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሐኪሙ የሚያሳውቅበት አሠራር ነው። በስልክ፣ በታብሌት ወይም በኮምፒውተር ይሞላል፣ የከፋ ነገር ከተመዘገበ ለነርስ ማስጠንቀቂያ ይሄዳል።

በጣም የሚጠቀሰው በኒውዮርክ፣ በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል፣ ኢታን ባሽ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ነው። ካንሰራቸው የተሰራጨ 766 ታካሚዎች ነበሩ። በዕጣ ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደ ወትሮው ቀጠሮ ሲደርስ ይታያል፣ ካመመው ራሱ ይደውላል። ሌላው ወገን 12 የተለመዱ ምልክቶችን፣ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ድካም፣ መደንዘዝ የመሳሰሉትን፣ ከ0 እስከ 4 እየመዘነ በኮምፒውተር ይሞላል። አንዱ ምልክት ሁለት ደረጃ ከጨመረ ወይም 3 ከደረሰ ነርሷ ኢሜይል ይደርሳታል። በቃ ይሄ ነው። አዲስ መድኃኒት የለውም። በአንድ ዓመት ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የገቡት ከሞሉት ወገን 34 በመቶ፣ ካልሞሉት 41 በመቶ ሆኑ። የሞሉት ኬሞውን ለረጅም ጊዜ መቀጠል ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ውጤት ደግሞ ጥናቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሞሉት የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ 31.2 ወር፣ ያልሞሉት 26 ወር መሆኑን አሳየ። አምስት ወር። እሱን ቁጥር ያነበብኩበትን ማታ አልረሳውም፣ ምክንያቱም አምስት ወር ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ የልጅ ሠርግ ነው፣ አንድ ፋሲካ ነው።

አልደብቅም፣ ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልወጣም። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ በ52 ክሊኒኮች በ1,191 ታካሚዎች ላይ በየሳምንቱ በኢንተርኔት ወይም በሚደውል ስልክ እየተጠየቁ ተመሳሳይ ጥናት ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤት ሕመማቸው ቀለል ማለቱ፣ ራሳቸውን ችለው መንቀሳቀሳቸው የተሻለ መሆኑ ታየ። በዕድሜ በኩል ግን በኋላ ሲታይ ልዩነት አልተገኘም። ለእኔ ይሄ ነገሩን አያሳንሰውም። እማዬ ሌሊት ሳይቆረጥማት ብታድር እሱ ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ከመጀመሪያው ጥናት ውስጥ ደጋግሜ ለሰው የምናገራት አንድ ነገር አለች። ከተሳታፊዎቹ መካከል ኮምፒውተር የማያዘወትሩ ነበሩ። እነሱ ክሊኒክ ሲመጡ እዚያው በተቀመጠ መሣሪያ ነው የሚሞሉት። ጥቅሙ ይበልጥ የታየው በእነሱ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ይሄን ሐሳብ ለሰው ባነሳሁ ቁጥር የሚመልሱልኝ አንድ ነው፣ "የኛ እናቶች ይሄን አይችሉም።" እናቴ አራተኛ ክፍል ነች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በቴሌብር ብር ሲልክላት ግን ራሷ ሚስጥር ቁጥሯን ነክታ ታወጣለች፣ ልጅ አታስነካም። የምትፈልገውን ነገር ትችላለች።

እና ጅማ ላይ ምን ይመስላል? እኔ እንደማስበው አፕ አይደለም። ስማርት ስልክ ያለው ልጁ ነው፣ ልጁ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። እናትየው የያዘችው ባትሪው ሦስት ቀን የሚቆይ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ስለዚህ ድምፅ ነው የሚያስፈልገው። ገበሬው 8028 ላይ ደውሎ ቋንቋውን መርጦ፣ ቁጥር እየነካ፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የተቀዳ ምክር መስማት ከጀመረ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። በነጻ ነው፣ ማንበብ አይጠይቅም። ለበቆሎ ከተቻለ ኬሞ ለወሰደ ሰው የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። በሳምንት አንድ ቀን ስልኩ ይጮኻል። ድምፁ ሰላም ይላል፣ ከዚያ "ካለፈው ሳምንት ወዲህ ብርድ ብርድ ብሎሻል? ሰውነትሽ አተኩሷል? ምች መታኝ ብለሽ ነበር?" ይላል። አዎ ከሆነ አንድ ንኪ፣ አይደለም ከሆነ ሁለት። ማቅለሽለሹ ስንት ጣት ነው? ስንት ጣት ከሆነ ያን ቁጥር ንኪ።

ምችን ጥያቄው ውስጥ ያስገባሁት አውቄ ነው። በሌላው ዓለም የተዘጋጁ ጥሩ ጥሩ መጠይቆች አሉ። ስለ ካንሰር ታካሚ የኑሮ ጥራት የሚጠይቀው፣ 30 ጥያቄ ያለው የአውሮፓውያኑ መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ እዚሁ አገር ታካሚዎች ላይ ተፈትኗል። ይሄ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ትርጉም ሲባል "ትኩሳት" ብሎ መጻፍ ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ። ጠያቂው የእማዬን ቤት ቃል ካላወቀ እማዬ "የለም" ትላለች፣ መሣሪያውም "የለም" ብሎ በንጽሕና ይመዘግበዋል። ጅማ ላይ ደግሞ አማርኛ ብቻውን የትም አያደርስም። ከሁሉ በፊት አፋን ኦሮሞ ነው። ከዚያ ከካፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየም የሚመጣው ሰው አለ። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ምች ይኖረዋል። እሱን የሚያውቁት ደግሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁት እናቶች ናቸው፣ እነሱን ሳይጠይቁ መጀመር ከንቱ ነው።

ስልኩ የማን ነው የሚለውም ቀላል አይደለም። ብዙ ቤት አንድ ስልክ ለሦስት ሰው ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ታካሚዋ ራሷ በሽታዋን ላታውቅ ትችላለች። ቤተሰብ "እንዳትደነግጥ" ብሎ ይደብቃታል፣ "ቁስለት ነው" ይላታል። አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤት ባለበት ስልኩ ላይ "ካንሰር" የሚል መልእክት ቢመጣ ምን ይደርሳል? ስለዚህ መልእክቱ የበሽታውን ስም መጥራት የለበትም፣ የተጠየቀውም የተመለሰውም ከሐኪሟ ቤት መውጣት የለበትም። አገራችን አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 1321/2016። አዋጁ ጥሩ ነው። ግን መንደር ውስጥ ምስጢር የሚወጣው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከክፍት ስልክ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ማን ያነበዋል?

ኒውዮርክ ላይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የምታነበው ነርስ ነበረች። ደውላ ታናግራለች፣ መድኃኒት ታስተካክላለች፣ መምጣት ካለባት ነይ ትላለች። ያን አምስት ወር ያመጣው ኮምፒውተሩ አይመስለኝም፣ እሷ ነች። እዚህ ሰው ሁለት አጋጣሚ ላይ "አምስት ጣት" ብሎ ነክቶ ማንም ካልደወለለት ሦስተኛ አይነካም። እውነት ነው የምላችሁ፣ ከዝምታው ይልቅ ይሄ የሚጎዳ ይመስለኛል። ሳይጠየቅ የታመመ ሰው ብቸኛ ነው፣ ተጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ግን እንደተተወ ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ቀን ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ይሄን ካነበበ ልለምነው፣ ታብሌት ከመግዛትህ በፊት ነርስ ቅጠር። የስልክ ካርድ ስጣት፣ ሰዓት ስጣት፣ ምን ሲባል ምን እንደምታደርግ በወረቀት ጽፈህ ስጣት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም ሰው ቀጠሮ እንደሚቀር አስረዳት፣ ያኔ ስልኩ ከቀጠሮው ይበልጣል። ሌላው ሁሉ በኋላ ይደርሳል።

እማዬ ኬሞዋን ጨርሳለች። አሁን በየቀኑ አንድ ክኒን ነው የምትወስደው። ጣቷ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ መርፌ ክር ማስገባት እኔ ነኝ የማስገባላት። ደብተሩ ግን አላረፈም።

ሆስፒታል ወንበር ላይ ጓደኛ ያደረገቻት፣ ከአጋሮ ማዶ የምትኖር ሴት አለች። ልጆቿ የቡና ሥራ ላይ ናቸው፣ እሷ አሁን አምስተኛው ዙር ላይ ነች። እማዬ በየሐሙሱ፣ ከገበያ ከተመለሰች በኋላ ትደውልላታለች። በአፋን ኦሮሞ ነው የሚያወሩት። መጀመሪያ የሰላምታው ይመጣል፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ከብቱም ደህና ነው። እማዬ ሁሉንም ታስጨርሳታለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አሁን ንገሪኝ" ትላታለች፣ እኔም ደብተሩን እከፍታለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ስትጠይቃት ሴትየዋ ዝም አለች። እማዬ ጠበቀቻት። ከዚያ መልሷን ሰምታ ወደ እኔ ዞራ የግራ እጇን አነሳች፣ አውራ ጣቷን አጠፈች፣ አራቱን ዘረጋች። "ከመቼ ጀምሮ?" አለቻት። "ከትናንት።" ብርድ ብርድ ብሏት እንደሆነ ጠየቀቻት። ብሏታል። ዳማከሴ ጠጥታለች።

እማዬ ስልኩን ዘጋችና የሴትየዋን ልጅ ቁጥር አውጪልኝ አለችኝ።